መድሃኒቱ ከሰራ ለምን እንደሚሰራ ማወቅ ምን ይጨምራል?

የተጠየቀው ጥያቄ፦ «የፋርማሲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዶርም ውስጥ ሰሞኑን የጥንት ግሪክ ፈላስፎች ነገር ክርክር ሆኖብናል። አንዱ ጓደኛዬ ግሪኮች ሁሉን ነገር ቀድመው ያውቁ ነበር፣ አቶምን እንኳን ያገኘው ዴሞክሪተስ ነው ይላል። ሌላው ደሞ ቁጭ ብለው ከማውራት ውጪ ምንም አልሰሩም፣ እንደውም አሪስቶትል ሳይንስን ሁለት ሺህ ዓመት ወደኋላ ጎትቶታል ባይ ነው። እኔን ግን የሚገርመኝ ሌላ ነው። መድሃኒት ከሰራ ሰራ ነው፣ ለምን እንደሚሰራ ማወቅ ትርፉ ምንድነው? ፍሬሽማን ላይ ሎጂክ ወስደን ለፈተና ሸምድደን ረሳነው፣ አሁን እነዚህን ሰዎች ማንበብ ለኔ ምን ይጠቅመኛል?»

ሁለቱም ጓደኞችህ ተሳስተዋል። ያንተ ጥያቄ ግን ከሁለቱም ክርክር ይበልጣል፣ ምክንያቱም «ከሰራ ሰራ ነው፣ ምክንያቱን ማወቅ ምን ይጨምራል» የሚለውን ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት ፕሌቶ አንስቶት መልስም ሰጥቶበታል፣ መልሱ ደሞ ለፈላስፋ ብቻ ሳይሆን በተለይ ለመድሃኒት ሰው የሚሆን ነው። እዛ ለመድረስ ግን መጀመሪያ የሁለቱን ልጆች ነገር ማጥራት አለብኝ፣ ካልሆነ ግሪኮቹ ያደረጉትና ያላደረጉት ይደበላለቅብሃል።

ዴሞክሪተስ አቶምን አላገኘም። (ዓመተ ምህረቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እሱና ሌውኪፐስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን ያሉት፣ በእውነት ያለው አቶምና ባዶ ቦታ ብቻ ነው፣ ጣፋጭና መራራ፣ ሙቅና ቀዝቃዛ፣ ቀለምም ጭምር ሰው በልማድ የሚላቸው ናቸው የሚል ነው። ትልቅ ሀሳብ ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን እንዴት ደረሱበት ብለህ ጠይቅ። ከነሱ ቀደም ብሎ ፓርሜኒደስ የሚባል ሰው ከምንም የሚመጣ ነገር የለም፣ ያለም ነገር ወደ ምንም አይሄድም፣ ስለዚህ ለውጥ የምትሉት ሁሉ ማታለያ ነው የሚል ክርክር አምጥቶ ሁሉንም አፋጦ ይዟቸው ነበር፣ አቶም የመጣው ለዚህ ክርክር መልስ ሆኖ ነው፤ ትንንሾቹ ነገሮች አይፈጠሩም አይጠፉም፣ መገናኘታቸውና መለያየታቸው ነው ለውጥ ሆኖ የሚታየን፣ አለቀ። ሚዛን የለ፣ ላብ የለ፣ የተለካ ነገር የለ። የነሱ አቶም ጭራሽ የማይከፈል ነው፣ የኛው ግን ቶምሰን በ1897 ኤሌክትሮኑን፣ ራዘርፎርድ በ1911 ኒውክለሱን ካወጡ ወዲህ ተከፍሎ ያለቀለት ነው። ደሞ አስተውል፣ በ1900 አካባቢ እንኳን እንደ ኤርነስት ማክ ያሉ ትልልቅ የፊዚክስ ሰዎች አቶም መኖሩን አይቀበሉም ነበር። ነገሩ የተቋጨው አንስታይን በ1905 ውሃ ውስጥ የሚንቀጠቀጡ ጥቃቅን ቅንጣቶችን እንቅስቃሴ በሂሳብ ካሰላው በኋላ ዣን ፔራን የተባለ ፈረንሳዊ ከ1908 ጀምሮ በማይክሮስኮፕ እየለካ ስሌቱ ልክ መሆኑን ሲያሳይ ነው። ስለዚህ ዴሞክሪተስ የነበረው ኋላ ላይ ትክክል ሆኖ የተገኘ ግምት ነው። ይሄን ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

«ቁጭ ብለው ከማውራት ውጪ» የሚለው ደሞ ሰዎቹን ሳያነቡ የሚባል ነገር ነው። አሪስቶትል ወደ 40 ዓመቱ ገደማ ሌስቦስ ደሴት ላይ ኖሯል፣ ስለ እንስሳት ከጻፈው ውስጥ ብዙው እዛ ካለው ባህር ነው የተገኘው፣ አሳ አጥማጆችን ይጠይቃል፣ ይከፍታል፣ ያያል። የዶሮ እንቁላል ውስጥ ያለውን ነገር እንዴት እንደጻፈው ልንገርህ፦ ከሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት በኋላ የመጀመሪያው ምልክት ይታያል፣ ልቧ የደም ነጠብጣብ መስላ ትወጣለች፣ ይቺ ነጠብጣብ ነፍስ እንዳለው ነገር ትመታለች ትንቀሳቀሳለች፣ ከሷም ደም የያዙ ሁለት ጠማማ መስመሮች ይወጣሉ። ከዛ ቀጥሎ በአስረኛው ቀን ምን እንደሚታይ፣ በሃያኛው ምን እንደሚታይ፣ ዓይኑ ከጭንቅላቱ አንጻር እንዴት እንደሚገዝፍ ይዘረዝራል። ይሄ ቁጭ ብሎ ያወራ ሰው ጽሁፍ አደለም፣ እንቁላል እያስታቀፉ በተለያየ ቀን መስበር የሚጠይቅ ስራ ነው። ሌላም አለ፣ ከሻርክ ወገን የሆነች ቆዳዋ ለስለስ ያለ ትንሽ አሳ ግልገሎቿን ልክ እንደ ጡት አጥቢ በእትብት ማህጸኗ ላይ አያይዛ እንደምትይዝ ጽፏል፣ ለብዙ መቶ ዓመት ብዙ ሰው ከቁም ነገር አልቆጠረውም፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ጀርመናዊው ዮሃንስ ሙለር መርምሮ ልክ ሆኖ አገኘው። ስለ ንቦች አረባብ ረጅም ትንተና ከሰጠ በኋላ ደሞ የሚለው ነገር አለ፣ ነገሩ ገና በበቂ ሁኔታ አልተጣራም፣ ወደፊት ሲጣራ ከቲዎሪ ይልቅ በዓይን የታየው ነው መታመን ያለበት፣ ቲዎሪም የሚታመነው ከታየው ጋር ከገጠመ ብቻ ነው። ዳርዊን ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት በ1882 በጻፈው ደብዳቤ ሊኒየስና ኩቪየር (ሁለቱም ስመ ጥር የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ናቸው) እንደ አማልክት ይታዩኝ ነበር፣ ከሽማግሌው አሪስቶትል አንጻር ግን የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው ያለው ያለ ነገር አይመስለኝም።

ኤራቶስቴነስንም ለጓደኛህ ንገረው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን እስክንድርያ ተቀምጦ የምድርን ዙሪያ የለካ ሰው ነው። በዓመቱ ረጅሙ ቀን ቀትር ላይ ዛሬ አስዋን በምትባለው ከተማ ፀሃይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ስለምትሆን የቆመ ነገር ጥላ የለውም፣ እስክንድርያ ላይ ግን በዛው ሰዓት ጥላ አለ፣ የጥላው ማዕዘን የክብ አንድ ሃምሳኛ ሆነ፣ በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለው ርቀት 5,000 ስታዲያ (የግሪኮች የርቀት መለኪያ ነው፣ ነጠላው ስታዲየም) ስለተባለ በ50 አባዝቶ 250,000 አገኘ። እዚህ ጋ ግን ተጠንቀቅ፣ «ስህተቱ አንድ ፐርሰንት ብቻ ነበር» እየተባለ የሚዞረውን እንዳትቀበል፣ አንድ ስታዲየም በኛ ሜትር ስንት እንደሆነ ተመራማሪዎች አልተስማሙበትም፣ ስለዚህ ስህተቱን በዛ ልክ ቆርጦ መናገር አይቻልም። የሚደነቀው ቁጥሩ ሳይሆን ጥላና ርቀት ካለህ ዓለምን ሳትዞር ዙሪያዋን መለካት እንደምትችል ማየቱ ነው።

አሪስቶትል ተሳስቷል? በጣም። አንጎልን ደም ማቀዝቀዣ አድርጎ ሃሳብን ለልብ ሰጥቷል፣ ምድርን መሃል ላይ አቁሟል፣ ከባድ ነገር በክብደቱ ልክ ቶሎ ይወድቃል ብሏል። ግን «ሁለት ሺህ ዓመት ጎተተ» የሚለው ማንም ሳይጠይቀው የኖረ ያስመስለዋል፣ እንደዛ አልነበረም። በ6ኛው መቶ ዘመን እዛው እስክንድርያ የነበረው ዮሃንስ ፊሎፖኖስ ክብደታቸው በጣም የሚለያይ ሁለት ነገሮችን ከአንድ ከፍታ ብትለቅ የሚደርሱበት ጊዜ ልዩነት ኢምንት ነው ብሎ ጽፎበታል፣ ይሄ ከጋሊሊዮ ሺህ ዓመት በፊት ነው። በ1277 ደሞ የፓሪስ ጳጳስ 219 አስተምህሮ ዘርዝሮ ሲያወግዝ ከነዚህ ብዙዎቹ የአሪስቶትል ነበሩ። በ1628 የደም ዝውውርን ያሳየው ዊሊያም ሃርቬይ ራሱን የአሪስቶትል ተማሪ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ነው፣ እሱም እንቁላል እየሰበረ ልብ ሲመታ ያይ ነበር። ጥፋቱ ካለ ጥፋቱ ሰውየው የጻፈውን እንደ ህግ ይዘው የሰራውን ስራ ራሳቸው ያልሰሩት ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፕሌቶ ሜኖ በሚባለው ጽሁፉ ውስጥ ሶቅራጥስን ከአንድ ሀብታም ወጣት ጋር ያከራክረዋል። ሶቅራጥስ እንዲህ ይላል፦ ወደ ላሪሳ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ሄዶበት የሚያውቅ ሰውና ሄዶበት የማያውቅ ግን በትክክል የገመተ ሰው፣ ሁለቱም ሰው ቢመሩ ሁለቱም ላሪሳ ያደርሳሉ። ታዲያ ለስራው ትክክለኛ ግምት ከእውቀት አያንስም ማለት ነው። ወጣቱ ይደነግጣል፣ እንደዛ ከሆነ ለምንድነው እውቀት ከትክክለኛ ግምት ይልቅ የሚከበረው ይላል። ያንተ ጥያቄ ማለት ይቺ ናት። ሶቅራጥስ ሲመልስ በአፈ ታሪክ የሚታወቀውን ቀራጺ የዴዳለስን ሃውልቶች ያነሳል፣ ካልታሰሩ ተነስተው ይሸሻሉ ይባልላቸው ነበር። ትክክለኛ ግምት እስካለ ድረስ ጥሩ ነው፣ ግን ብዙ አይቆይም፣ ከሰው አእምሮ ወጥቶ ይሄዳል፣ የሚቆየው ምክንያቱን አስልተህ ስታስረው ነው፣ የታሰረው ነው እውቀት የሚባለው። ያዝልኝ ያልኩህ የዴሞክሪተስ አቶምም እንዲህ ያለ ያልታሰረ ግምት ነበር። 

ይሄ የፈላስፋ ጨዋታ ከመሰለህ የስከርቪን ታሪክ ልንገርህ፣ ፋርማሲ ተምረህ ይሄን ሳታውቅ ብትመረቅ አዝናለሁ።

ስከርቪ ድድ እያደማ፣ የዳነ ቁስል እያመረቀዘ፣ መጨረሻ ላይ የሚገድል የመርከበኞች በሽታ ነበር። በ1747 ሳሊስበሪ የተባለ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ ሃኪም የነበረው ጄምስ ሊንድ 12 በሽተኞች መርጦ አንድ ቦታ አስተኛቸው፣ መደበኛ ምግባቸውን አንድ አይነት አደረገ፣ ከዛ ሁለት ሁለት አድርጎ ለስድስት ከፈላቸው፦ ለአንዱ ጥንድ የፖም መጠጥ፣ ለአንዱ የተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ፣ ለአንዱ ኮምጣጤ፣ ለአንዱ የባህር ውሃ፣ ለአንዱ ነጭ ሽንኩርትና ሰናፍጭ ያለበት ድብልቅ፣ ለአንዱ ደሞ በቀን ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ። ፍራፍሬው በስድስት ቀን አለቀ፣ እነዛ ሁለቱ ግን ተነሱ፣ አንዱ ወደ ስራ ሲመለስ ሌላው ቀሪዎቹን እንዲያስታምም ተመደበ። አየህ፣ መድሃኒቱ ሰራ። ያንተው «ከሰራ ሰራ» ይሄው።

ቀጥሎ የሆነውን ተከተለኝ። ሊንድ ራሱ ፍራፍሬው ለምን እንደሰራ አላወቀም፣ ስለዚህ ለረጅም ጉዞ እንዲመች ጭማቂውን በሙቀት አወፍሮ በጠርሙስ መያዝ ይቻላል ብሎ መከረ፣ ሙቀቱ የሚፈለገውን ነገር እያጠፋው መሆኑን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። የእንግሊዝ ባህር ሃይል የሎሚ ጭማቂ ለመርከበኛ ሁሉ መስጠት የጀመረው በ1795 ነው፣ ስከርቪም ከመርከቦቹ ጠፋ ማለት ይቻላል። ከዛ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ ከሜዲትራኒያን የሚመጣውን ትልቁን ቢጫ ሎሚ ትተው ከራሳቸው ቅኝ ግዛት ከካሪቢያን ደሴቶች የሚመጣውን ትንሹን አረንጓዴ፣ እኛ አገር ሎሚ የምንለውን አይነት፣ ማደል ጀመሩ። ለምን ይለያያል ብለው ይጠርጥሩ? የሚሰራው ኮምጣጣነቱ ነው ብለው ነበር የሚያስቡት፣ ትንሹ ደሞ እንደውም ይብሳል። በኋላ በ1918 በእንስሳት ላይ ሲለካ ግን የትንሹ አቅም የትልቁን ሩብ ያህል ነበር፣ ያውም ትኩስ ሆኖ፣ በጠርሙስ ሲቆይና በመዳብ ቱቦ ሲያልፍ ደሞ ምንም አይቀረውም። በዛ ጊዜ የእንፋሎት መርከብ መጥቶ ጉዞው ስላጠረ ማንም አላስተዋለም። በ1875 ናሬስ የተባለ የእንግሊዝ ባህር ሃይል አዛዥ የመራው ቡድን ወደ ሰሜን ዋልታ በረዶ ጭማቂውን ይዞ ሲሄድ ግን በበረዶ ላይ ጋሪ የሚጎትቱት ሰዎች ባንድ ጊዜ በስከርቪ ወደቁ። የዘመኑ ሃኪሞች ከዚህ የደረሱበት ድምዳሜ ምን መሰለህ? ብዙዎቹ ሎሚ ስከርቪን አይከላከልም፣ በሽታው ከተበላሸ የቆርቆሮ ስጋ ነው የሚመጣው አሉ። መቶ ዓመት በፊት በእጃቸው የነበረ፣ በስራ የተፈተነ፣ የብዙ ሰው ህይወት ያዳነ መድሃኒት ተነስቶ ሄደ። ሃውልቱ አልታሰረም ነበራ።

የታሰረው መቼ ነው? ሆልስትና ፍሮሊክ የተባሉ ኖርዌዮች በ1907 በአይጥ መሰሏ ጊኒ ፒግ ላይ በሽታውን ማምጣትና ማዳን ሲችሉ፣ ከዛ እነ ሴንት ጆርጂ ንጥረ ነገሩን ለይተው በ1932 ቫይታሚን ሲ መሆኑ ሲታወቅ ነው። ከዛ ወዲህ ሙቀት፣ መዳብ፣ የፍሬው አይነት፣ የቆየበት ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ታሰላለህ እንጂ ሰው እስኪታመም አትጠብቅም።

ስለዚህ ምክንያቱን ማወቅ የሚጨምረው ይሄ ነው፦ ነገሩ የት ድረስ እንደሚሰራና የት ላይ እንደሚቆም ይነግርሃል። አስፕሪንን ውሰድ፣ ከ1899 ጀምሮ ሲሸጥ ነበር፣ ህመም ይቀንሳል በቃ። ጆን ቬይን በ1971 ፕሮስታግላንዲን የተባሉት ህመምና እብጠት የሚያባብሱ ንጥረ ነገሮች እንዳይመረቱ እንደሚያግድ ካሳየ በኋላ ግን ፕላትሌት፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ጥቃቅን የደም ክፍል፣ ኒውክለስ ስለሌለው የታገደበትን ኢንዛይም መልሶ መስራት እንደማይችል፣ ስለዚህ ትንሽ ዶዝ በቀን አንዴ ለምን እንደሚበቃ ግልጽ ሆነ። ያው ክኒን ነው፣ ግን ራስ ምታት ከማስታገስ አልፎ ሃርት አታክ ለደረሰበት ሰው በምክንያት የሚታዘዝ ሆነ። ፕሌቶ ይሄን ቢያይ ደስ የሚለው ይመስለኛል።

አሁን በተቃራኒው በኩል ማስጠንቀቅ አለብኝ፣ ምክንያቱም ይሄን መልስ አንብበህ «ዋናው ሜካኒዝም (ለምን እንደሚሰራ የሚያስረዳው) ነው» ብለህ ከወጣህ ከበፊቱ የባሰ ቦታ ነው የምትሄደው። ደም ማፍሰስ ለብዙ መቶ ዓመታት በጣም የሚያምር ምክንያት ነበረው፣ ገላን በአራቱ ፈሳሾች ሚዛን አስውቦ ያስረዳው ነበር፣ ሰውም ይሞትበት ነበር። ቅርብ ጊዜ ከፈለግክ፣ ከሃርት አታክ በኋላ የልብ ምት የሚዛባባቸው ሰዎች ቶሎ ይሞታሉ፣ እነ ኢንካይናይድና ፍሌካይናይድ ደሞ ምቱን ያስተካክላሉ፣ ስለዚህ ህይወት ያራዝማሉ ተብሎ ይታዘዙ ነበር፣ ክርክሩ ውሃ አያፈስም ነበር። ካስት በተባለው ትሪያል ከባዶ ክኒን ጋር ሲወዳደሩ ግን መድሃኒቱን የወሰዱት ይበልጥ እየሞቱ ስለነበር በ1989 ተቋረጠ። እንግዲህ ማሰሪያ ያልኩህ ነገር ራሱ መፈተን አለበት፣ ባልተፈተነ ምክንያት የታሰረ ስህተት ከልቅ ግምት ይልቅ ለመላቀቅ ያስቸግራል። አሪስቶትል ላይ የሆነውም እኮ ይሄው ነው፣ ያየው ነገር አልጎዳንም፣ የጎዳን ያሰረበት ነው።

ግሪኮቹ ጋ የምታጣው ነገርም ይሄ ነው። ሊንድ በ12 መርከበኛ ያደረገውን፣ ሁሉን ነገር አንድ አድርጎ አንዱን ብቻ መለወጥ፣ በወግ ይዘውት አልሰሩበትም። ፕሮባቢሊቲ የላቸውም። ይሄ የአእምሮ ጉዳይ አደለም፣ ትልቁ ምክንያት አኗኗራቸው ነው ብዬ ነው የማምነው። አሪስቶትል ራሱ ሂሳብ መጀመሪያ ግብጽ ውስጥ የተነሳው ካህናቱ ከስራ ነጻ የሆነ ጊዜ ስለነበራቸው ነው ይላል፣ የሱም አቴንስ ነጻ ጊዜ የነበራት ባሪያ ስለነበራት ነው። በእጁ የሚሰራ ሰው፣ አንጥረኛው፣ ሸክላ ሰሪው፣ ከፈላስፋው በታች ይታይ ነበር፣ ስለዚህ መሳሪያ የሚሰራው እጅና የሚጠይቀው አእምሮ ብዙ ጊዜ ሳይገናኙ ቀሩ። «እውቀት ለራሱ ሲባል» የሚለውን ሀሳባቸውን ስታከብር ይሄንን አብረህ አስብ፣ ዳቦውን ሌላ ሰው ይጋግርላቸው ነበር።

ግን ሀሳቡን ራሱን አትጣለው። አፖሎኒየስ የተባለው ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ200 አካባቢ ሾጣጣ ቅርጽ ሲቆረጥ የሚወጡትን መስመሮች፣ ኤሊፕስ፣ ፓራቦላ፣ ሃይፐርቦላ፣ ስምንት መጽሐፍ ሙሉ አጥንቷል፣ ፕላኔት በኤሊፕስ ትዞራለች ብሎ አላሰበም፣ ኬፕለር በ1609 ማርስ በኤሊፕስ እንደምትዞር ሲያሳይ ሂሳቡ 1,800 ዓመት ተቀምጦ ጠበቀው። ይሄን ምሳሌ ግን «ማንኛውም ጥናት አንድ ቀን ይጠቅማል» ለማለት አልጠቀምበትም፣ ጠቅሞ ያየነውን ብቻ ነው የምንቆጥረው፣ ሳይጠቅም የቀረው ተረስቷል። የምለው እውቀት ሊጠቅም የሚችልበትን ቀን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም ነው፣ ከዛ አልፌ አልሄድም።

ስለ ጥቅሶች አንድ ነገር ልበልና ወደ ምክሬ ልሂድ። ቴሌግራም ላይ «አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ፣ እሱም ምንም አለማወቄን» የሚል ጥቅስ በሶቅራጥስ ስም ይዞራል። ፕሌቶ የጻፈው እንደዛ አይልም። ችሎት ፊት የተናገረው፣ የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ አላስብም ነው፣ ይሄ በጣም የተለየ ነገር ነው፣ አንዱ እጅ መስጠት ሲሆን ሌላው የሚያውቁትን ከማያውቁት ለይቶ መያዝ ነው። እዛው ሜኖ ውስጥ ደሞ፣ አውቃለሁ የምለው ነገር ትንሽ ነው፣ ግን ካለ እውቀትና ትክክለኛ ግምት የተለያዩ መሆናቸው ከዛ ውስጥ አንዱ ነው ይላል፣ ስለዚህ ምንም አላውቅም አላለም። አገራችን ላይም መጽሐፈ ፈላስፋ በ16ኛው መቶ ዘመን ከአረብኛ ወደ ግእዝ ስለተመለሰ በሶቅራጥስና በፕሌቶ ስም ብዙ ምክርና አባባል አለን፣ ካናዳዊው ምሁር ክላውድ ሳምነር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ብዙ ደክሞበታል፣ በራሱ ሊነበብ የሚገባው የጥበብ መጽሐፍ ነው። ግን እሱ የአባባል ስብስብ ነው፣ አቴንስ ላይ የተደረገውን ክርክር ከሱ አታገኝም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶች፣ ጥቅስ ከመለጠፍ በፊትም ማንበብ ይቅደም።

ምክሬ ይሄ ነው። የፍልስፍና ታሪክ የሚባሉትን ወፋፍራም መጻህፍት ተዋቸው፣ ከታሌስ ጀምረህ ስም እየሸመደድክ ሎጂክ ኮርሱ ላይ የሆነውን ነው የምትደግመው። የአሪስቶትልን ሜታፊዚክስም አሁን አትንካው፣ ብቻህን ተስፋ ያስቆርጥሃል። ሜኖን አንብብ፣ አጭር ነው፣ የቆዩ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ኢንተርኔት ላይ በነጻ አሉ። ከዛ የአሪስቶትል የእንስሳት አካል ክፍሎች ከሚለው ስራ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ምዕራፍ 5 ብቻ፣ ለምን የማያምሩ ትንንሽ እንስሳትን ማጥናት እንደማያሳፍር የሚናገርበት ቦታ ነው፣ ሄራክሊተስ ማድ ቤት እሳት ሲሞቅ እንግዶች መጥተው ሲያፈገፍጉ ግቡ እዚህም አማልክት አሉ ያለውን እዛ ታገኘዋለህ። ኤአይ አሳጥረህ ንገረኝ ብለህ አትጀምር፣ የሜኖ ጥቅም ያለው ክርክሩ ሲሰበር አብረህ ስትሰበር ነው፣ ድምዳሜውን ብቻ ብትወስድ የያዝከው ያው ያልታሰረ ግምት ነው።

ስለ ኤአይ ካነሳሁ አይቀር፣ ያንተ ሙያ ውስጥ ይሄ ጥያቄ ከዚህ በኋላ እየባሰበት ነው የሚሄደው። አልፋፎልድ የተባለው የኤአይ ፕሮግራም ከ200 ሚሊዮን በላይ የፕሮቲን ቅርጽ ተንብዮ አውጥቷል፣ የሰሩት ሰዎች በ2024 ኖቤል ወስደዋል፣ ይገባቸዋልም። ግን ፕሮቲኑ ለምን እንደዛ እንደሚታጠፍ ማሽኑ ቁጭ ብሎ አያስረዳህም፣ ላሪሳ ያደርስሃል፣ መንገዱን አይነግርህም። ብዙ ጊዜ ላሪሳ መድረስ ይበቃል። ማሽኑ አይቶት የማያውቅ አይነት ሞለኪውል ሲመጣ ግን የት ላይ እንደሚስት የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ጎን ለጎን ይሄን ስራ። ከፋርማኮሎጂ ኮርስህ አምስት መድሃኒት ምረጥ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ነገር ለይተህ ጻፍ፦ መስራቱን በምን አወቅን፣ ለምን እንደሚሰራ የምንለውን ደሞ በምን ፈተንነው። ፓራሲታሞል ይግባበት፣ በየቤቱ ያለ ክኒን ሆኖ እንዴት እንደሚሰራ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተቋጨም። ሜትፎርሚንም እንደዛው አከራካሪ ነው። ሁለተኛው ዓምድ ላይ የሚጎድልህን ስታይ መምህሮችህን በምን መጠየቅ እንዳለብህ ታውቃለህ።

ሜኖ ውስጥ መሃል ላይ ሶቅራጥስ አንድ ያልተማረ ባሪያ ልጅ ጠርቶ ካሬ እያሳለ የሚጠይቅበት ክፍል አለ፣ ብዙ ሰው እዛ ጋ ይሰለችና ይዘለዋል። አትዝለል። ወረቀት አምጣ፣ ጎኑ 2 የሆነ ካሬ ሳል፣ ስፋቱ 4 ነው፣ ስፋቱ 8 የሆነ ካሬ ለማግኘት ጎኑን 4 አድርገው እንደ ልጁ፣ 16 ይሆንብሃል፣ 3 አድርገው፣ 9 ይሆናል። ከዛ መጽሐፉን ዘግተህ ትክክለኛው ጎን የቱ እንደሆነ ራስህ ፈልግ፣ ስታገኘው ለምን እሱ እንደሆነ ለዶርም ጓደኞችህ አስረዳቸው።